የሱፐርማርኬት መደርደሪያን በካሜራ መከታተል፦ ካሜራው የሚያየውና የማያየው

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት በአጭሩ ላስቀምጠው። በአዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ መካከለኛ ስፋት ያለው ሱፐርማርኬት ያስተዳድራሉ። ለጥበቃ የተተከሉ 14 ካሜራዎች አሉዎት። አንድ አቅራቢ እነዚህኑ ካሜራዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካለው ሶፍትዌር ጋር ቢያገናኟቸው የዕቃ ክምችትዎን በየሰዓቱ እንደሚያውቁና ከእንግዲህ ቆጠራ እንደማያስፈልግዎ ነግሮዎታል። እርስዎም ነገሩ እውነት መሆኑን፣ እውነት ከሆነም ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ መሆኑን ጠይቀዋል።

ቴክኖሎጂው በእርግጥ አለ፤ በብዙ አገሮችም በሥራ ላይ ውሏል። የተሰጠዎ ተስፋ ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ አድርጎ ያቀረበ ነው። መደርደሪያ ላይ ክፍተት መኖሩን ማወቅና በሱቁ ውስጥ ስንት ዕቃ እንዳለ ማወቅ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ካሜራ በአግባቡ ከተተከለ የመጀመሪያውን በጥሩ ሁኔታ ይሠራል፤ ሁለተኛውን ግን ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ልዩነት ስለሚነሳ በቅድሚያ እሱን ላብራራ።

ካሜራ የሚያየው የመደርደሪያውን ፊት ነው። በአንድ ረድፍ ከተደረደረ የልብስ ሳሙና የፊተኛውን ያያል እንጂ ከሱ ኋላ ዘጠኝ ይኑሩ ወይም አንድም አይኑር ምስሉ ያው ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ደግሞ ዕቃ እያነሰ ሲሄድ የቀረውን ወደ ፊት ስቦ መደርደሪያው የሞላ እንዲመስል ያደርጋል። ይህ ለሽያጭ የሚጠቅም መልካም ልማድ ቢሆንም ካሜራው ዕቃው እየተመናመነ መሆኑን እንዳያውቅ ያደርገዋል፤ የሚያውቀው የመጨረሻው ሲነሳ ብቻ ነው። በስቶር ውስጥ በካርቶን የተቀመጠውን አያይም። በጣሳው ሥር ወይም በከረጢቱ ጀርባ የታተመውን የመጠቀሚያ ጊዜም አያነብም። ስለዚህ ዓመታዊውም ሆነ ወርኃዊው ቆጠራ ይቀራል የሚል አቅራቢ ሲያጋጥምዎ ወይ መሣሪያውን በሚገባ አያውቀውም፣ ወይ የሚያውቀውን በሙሉ አልነገረዎትም ማለት ነው።

የክምችት ቁጥር የሚገኘው ከገባው ዕቃ ላይ የተሸጠውን በመቀነስ ነው። ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም በተግባር በፍጥነት ይዛባል። አከፋፋዩ 12 እሽግ ብሎ 11 ያራግፋል፤ ካሸሩ ሦስት የተለያየ ጣዕም ያላቸውን ብስኩቶች አንዱን ብቻ ሦስት ጊዜ አንብቦ ያስከፍላል፤ የተቀደደ የፓስታ ከረጢት ሳይመዘገብ ይወገዳል፤ ጥቂትም ይሰረቃል። ኒኮል ዲሆሬሸስና አናንት ራማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ቸርቻሪ 37 መደብሮችን ወደ 370,000 የሚጠጉ የክምችት መዝገቦች መርምረው 65 በመቶዎቹ በመደብሩ ውስጥ በትክክል ካለው ዕቃ ጋር የማይገጥሙ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ያ ድርጅት ባርኮድም፣ የተደራጀ የኮምፒውተር ሥርዓትም የነበረው ነው።

የካሜራው ትልቁ ጥቅም የሚገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አቅራቢዎች ግን ብዙም አያነሱትም። የሽያጭ መዝገብዎ አንድ የሕፃናት ዳይፐር ዓይነት ስድስት እሽግ እንዳለ ይናገራል እንበል። መዝገቡ ስድስት ስለሚል ማንም አያዝዝም። መደርደሪያው ግን ባዶ ስለሆነ ማንም አይገዛም፤ ማንም ስለማይገዛም ቁጥሩ ከስድስት አይወርድም። እንዲህ ያለ ዕቃ ቀጣዩ ቆጠራ እስኪደርስ ድረስ ለሳምንታት ከገበያ ሊጠፋ ይችላል። መዝገቡ ብቻውን ይህን አያውቅም፤ ካሜራውም ብቻውን ባዶ ቦታ ከማየት አያልፍም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ግን «መዝገቡ ስድስት ይላል፣ መደርደሪያው ለሦስት ቀን ባዶ ነው፣ በነዚህ ቀናት አንድም አልተሸጠም» የሚል መረጃ ይወጣል። ይህ መረጃ ቆጠራን አያስቀርም፤ ሠራተኛዎ ዛሬ የትኛውን ዕቃ ሄዶ መቁጠር እንዳለበት ግን ይነግረዋል። ሁሉንም ዕቃ በጅምላ ከመቁጠር በየቀኑ አሥር አጠራጣሪ ዕቃዎችን መቁጠር እጅግ የተሻለ ውጤት አለው። ይህ እንዲሆን ሽያጭዎ በዕቃ ዓይነት ተለይቶ መመዝገብ አለበት። በካሽ ሬጅስተሩ ላይ «ልዩ ልዩ» እየተባለ የሚቆረጥ ደረሰኝ ካለ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው፤ ካሜራው መቆየት ይችላል።

ሌላው አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ መደርደሪያዎ ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ነው። ቶማስ ግሩንና ዳንኤል ኮርስተን ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት፣ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያካተተ ሥራ፣ ደንበኛ ከሚፈልጋቸው ዕቃዎች በአማካይ 8.3 በመቶዎቹ በመደርደሪያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። ከነዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉ ዕቃው በመደብሩ ውስጥ እያለ ወደ መደርደሪያ ባለመውጣቱ የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በመደብሩ የትእዛዝና የትንበያ ጉድለት፣ የቀረው ደግሞ ከመደብሩ ውጭ ባለ የአቅርቦት ችግር የመጡ ናቸው። ካሜራ በቀጥታ የሚፈታው የመጀመሪያውን ሩብ ነው። በትእዛዝ ረገድ በተዘዋዋሪ ያግዛል። ዘይት ከአከፋፋይ ካልመጣ ግን ባዶነቱን ደጋግሞ ከመንገር በቀር የሚፈይደው የለም። በእርስዎ ሱቅ የትኛው ምክንያት እንደሚያይል ሳያውቁ መሣሪያ መግዛት ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

ይህን ለማወቅ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም። ለሁለት ሳምንት ያህል አንድ ሠራተኛ በተወሰኑ ሰዓቶች፣ ለምሳሌ በጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በስምንት ሰዓትና በምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በስልክ የሁሉንም መደርደሪያ ፎቶ ከተመሳሳይ ቦታ ያንሳ። ከፎቶው ላይ እያንዳንዱን ክፍተት ይመዝግብና ወዲያውኑ ወደ ስቶር ገብቶ ዕቃው መኖር አለመኖሩን ይይ። ከክፍተቶቹ አብዛኞቹ ስቶር ውስጥ ዕቃቸው ያለ ከሆነ ካሜራ ይጠቅምዎታል። አብዛኞቹ ስቶርም ውስጥ የሌሉ ከሆነ ችግርዎ የትእዛዝ ነው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቅ በመሆኗም የትእዛዝ ድግግሞሽን መጨመር ከማንኛውም ካሜራ ፈጥኖ ውጤት ሊሰጥዎ ይችላል። እነዚህ ፎቶዎች ቢጠራቀሙ አይባክኑም፤ በኋላ ሶፍትዌሩን ለማሠልጠንና አቅራቢውን ለመፈተን ያገለግላሉ።

የሁለት ሳምንቱ የፎቶ ፈተና ካሜራ እንደሚጠቅም አሳይቶዎታል እንበል። አሁን ያሉዎት 14 ካሜራዎች ለዚህ ሥራ ይሆናሉ ወይ ለሚለው መልሴ፣ ምናልባት ከአንድ ሁለቱ በስተቀር አይሆኑም የሚል ነው። የጥበቃ ካሜራ ጣሪያ ጥግ ላይ ተሰቅሎ ሰፊ ቦታ እንዲያይ የታሰበ ነው፤ መደርደሪያን የሚያየው ከላይና ከጎን ስለሆነ የላይኛው ንጣፍ የታችኛውን ይጋርደዋል። የምስሉ ጥራትም አይበቃም፤ ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ባለ 1080 ጥራት ካሜራ ምስሉ ወደ ጎን 1920 ፒክሰል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። ከጥግ ሆኖ 10 ሜትር ርዝመት ቢያይ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሳሙና 15 ፒክሰል ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህ ደብዛዛ ነጥብ ነው። ያው ካሜራ 3 ሜትር መደርደሪያ ብቻ ቢያይ ሳሙናው 51 ፒክሰል ያህል ያገኛል፤ ክፍተትን ለመለየት ይህ ይበቃል። ወደ ጎን 3840 ፒክሰል ያለው ባለ 4ኬ ካሜራ ደግሞ ለዚያው 3 ሜትር ለሳሙናው 102 ፒክሰል ይሰጠዋል፤ አንዱን መጠቅለያ ከሌላው ለመለየት መሞከር የሚቻለው ከዚህ ወዲህ ነው። በዚህ ላይ የጥበቃ ካሜራ ቪዲዮውን ቦታ እንዳይፈጅ አጥብቆ ስለሚያምቀው ጥቃቅን ጽሑፎች ይደበዝዛሉ።

ለመደርደሪያ የሚሆን ካሜራ ከፊት ለፊቱ ባለው መደርደሪያ አናት ላይ ተሰክቶ በቀጥታ ወደ ተቃራኒው ማየት አለበት። የብዙዎቹ ሱቆቻችን መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ እዚህ ላይ የሌንስ ምርጫ ወሳኝ ነው። መተላለፊያዎ 1.2 ሜትር ስፋት ካለው፣ 105 ዲግሪ ያህል የሚያይ ሰፊ ሌንስ 3 ሜትር ገደማ ይሸፍንልዎታል፤ በምስሉ ዳርና ዳር ያሉት ዕቃዎች ግን ይጣመማሉ። ስለዚህ ዳሮቹን እንደማይታመኑ ቆጥሮ የካሜራዎቹን እይታ ትንሽ ማደራረብ ይሻላል። የመስታወት በር ያላቸው ማቀዝቀዣዎች አስቸጋሪ ናቸው፤ መብራት ይንጸባረቅባቸዋል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥርም መስታወቱ ላብ ይይዛል። ወተትና ለስላሳ መጠጥ የሚቀመጡበትን ቦታ በመጀመሪያው ዙር እንዲተዉት እመክራለሁ።

በአዳማ አቧራና ነፋስም ሊታሰብበት ይገባል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ከከተማችን ጥግ በመሆኑ ነፋሱን ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሩ ለመንገድ ክፍት በሆነ ሱቅ ውስጥ ሌንስ ላይ የሚከማቸው አቧራ ምስሉን ቀስ በቀስ ያደበዝዛል። ለውጡ ዝግ ያለ ስለሆነም ማንም ሳያየው የሶፍትዌሩ ስህተት ይጨምራል። ሌንሶቹን በሳምንት አንድ ጊዜ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ የአንድ ሰው የተመደበ ሥራ ይሁን። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ርካሽ ካሜራዎች ቀንና ሰዓታቸው ይዛባል፤ የተሳሳተ ሰዓት ያለው ፎቶ ደግሞ ከሽያጭ መዝገብ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ስለዚህ ካሜራዎቹ ሰዓታቸውን ከሱቁ ኮምፒውተር እንዲወስዱ ይደረግ። ኤሌክትሪካቸውን በኔትወርክ ገመዱ በኩል የሚያገኙ ካሜራዎችን ቢመርጡ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ለሁሉም ይበቃል፤ የገመዱ ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

የኢንተርኔት ጉዳይ ብዙ ሰው ያስጨንቃል፤ ሊያስጨንቅ ግን አይገባም። መደርደሪያ እንደ ሌባ አይሮጥምና ተከታታይ ቪዲዮ አያስፈልገውም። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በ12 ሰዓት 21.6 ጊጋባይት ይፈጃል። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ፎቶ ቢነሳ ግን በ12 ሰዓት 24 ፎቶ ነው። ስምንት ካሜራዎች 192 ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዱ ፎቶ 1.5 ሜጋባይት ቢሆን የቀኑ ድምር 288 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ይህን ደግሞ ሱቁ ውስጥ በተቀመጠ አንድ መካከለኛ ኮምፒውተር መርምሮ ውጤቱን ብቻ በአጭር የቴሌግራም መልእክት መላክ ይቻላል። ሁሉንም ቪዲዮ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር እንልካለን የሚል አቅራቢ ካለ፣ የሚያስከፍልዎት ለማያስፈልግዎ ነገር ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ማለትና «ይህ ዕቃ ይህ ነው» ማለት በችግር ደረጃ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ኤስኬዩ-110ኬ የተባለ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ፎቶዎች ስብስብ አውጥተዋል፤ 11,762 ፎቶዎች ያሉት ሲሆን በነሱ ውስጥ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች አንድ በአንድ በሳጥን ተከበው ምልክት ተደርጎባቸዋል። በዚህ ስብስብ የተሠራ ሶፍትዌር እዚህ ቦታ ዕቃ አለ ማለትን በደንብ ይማራል፤ ስብስቡ ሁሉንም «ዕቃ» ብሎ ስለሚጠራ ግን ዕቃው ምን እንደሆነ አይማርም። የምርት ስም እንዲለይ የእያንዳንዱ ዕቃ ብዙ ፎቶዎች፣ ከእርስዎ ሱቅ፣ በእርስዎ መብራት ተነሥተው መሰጠት አለባቸው። በኛ ገበያ ደግሞ አንዱ የሳሙና ምርት ይጠፋና ሌላ ይተካል፣ መጠቅለያው ይቀየራል፣ ያው ዘይት በ1፣ በ3 እና በ5 ሊትር ይመጣል። በሱቁ ውስጥ በግልጽ ላስቲክ የሚታሸጉት ሽሮ፣ በርበሬና ምስርማ ባርኮድም፣ ቋሚ ቅርጽም የላቸውም።

ስለዚህ በየዕቃው የሚያውቅ ሥርዓት አይግዙ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታን መሠረት ያደረገ ይሻላል፦ ይህ የመደርደሪያ ክፍል የፓስታ ነው፣ ይህ የሩዝ ነው ተብሎ ይመዘገባል፤ ሶፍትዌሩ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ የተነሣውን ፎቶ ከአሁኑ ጋር ያስተያያል። ድክመቱም ይታወቅ፦ ሠራተኛ በሩዝ ቦታ ስኳር ቢደረድር አያውቅም። ይህን ግን ጠዋት ላይ የሚዞር ተቆጣጣሪ በቀላሉ ያየዋል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት እንዲሰጡት የምለምንዎ የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች በአብዛኛው የሚሞቱት በሱ ነውና። አቅራቢው «99 በመቶ ትክክል» ቢልዎ ጆሮ የሚገባ ቁጥር ነው። 400 የመደርደሪያ ክፍሎች በቀን 24 ጊዜ ቢፈተሹ 9,600 ፍርዶች ይሰጣሉ፤ የነዚህ አንድ በመቶ 96 ነው። በቀን እስከ 96 ጊዜ በከንቱ ወደ መደርደሪያ የተላከ ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን መልእክቱን ማየት ያቆማል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያም አብሮ ይቀራል። መፍትሔው አንድ ክፍተት በሁለት ወይም በሦስት ተከታታይ ፎቶዎች ካልታየ መልእክት አለመላክ ነው። ደንበኛ መደርደሪያው ፊት ቆሞ በመጋረዱ የሚመጣው ስህተት በዚህ ይጠፋል። የፀሐይ ነጸብራቅ ግን ከሰዓት በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በዚህ አይጠፋም፤ ለሱ መጋረጃ ማድረግ ወይም የካሜራውን ቦታ መቀየር ያስፈልጋል። መልእክቱ ደግሞ ለሁሉም ሳይሆን ስሙ ለታወቀ አንድ ተረኛ ይላክ፤ ተረኛውም «ሞላሁ»፣ «ስቶር ውስጥ የለም» ወይም «ስህተት ነው» ብሎ ይመልስ። ከነዚህ ሦስት መልሶች ሁለተኛው የግዢ ክፍልዎን፣ ሦስተኛው ሶፍትዌሩን ያስተምራል።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ከዚህ ችግር ነፃ እንዳልነበሩ ማወቁ ይረዳል። የአሜሪካው ቸርቻሪ ዋልማርት በመደርደሪያዎች መካከል እየተንቀሳቀሱ ፎቶ የሚያነሱ ሮቦቶችን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በስፋት ሲሞክር ቆይቶ በ2020 ከአቅራቢው ጋር የነበረውን ውል አቋርጧል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 በሲያትል ለሕዝብ በከፈተው ካሸር አልባ መደብር በጣሪያው ላይ በርካታ ካሜራዎች ቢሰቅልም በመደርደሪያዎቹ ውስጥ የክብደት መለኪያ ጭምር አድርጓል፤ ካሜራ ብቻውን አልበቃውም ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ይህን ሥርዓት ከትልልቆቹ የአሜሪካ የምግብ መደብሮቹ እንደሚያነሳ አስታውቋል።

ስለ ሠራተኞችዎና ደንበኞችዎ አንድ ነገር ልጨምር። ፊቱ የሚታይ ሰው ምስል የግል ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በሥራ ላይ ነው። መደርደሪያ ለመከታተል የሰው ፊት አያስፈልግም። ሶፍትዌሩ ሰው ያለበትን ፎቶ ወዲያው እንዲያጠፋ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ይህ ለሥራውም ጥራት ይጠቅማል። ካሜራዎቹ ሲተከሉ ሠራተኞችን ሰብስበው ምን እንደሚያዩና ምን እንደማያዩ በግልጽ ይንገሯቸው። በድብቅ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ነው ብሎ የጠረጠረ ሠራተኛ ሌንሱን በካርቶን ቢጋርደው አይፈረድበትም፤ የመልእክቶቹን እውነትነት የሚያረጋግጥልዎትም እሱ ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃደኝነት ሥርዓቱ አይሠራም።

ከአቅራቢው ጋር ስትቀመጡ በሁለት ወይም በሦስት ካሜራ፣ ፈጥነው በሚሸጡና ስቶር ውስጥ ብዙ ጊዜ በሚገኙ ዕቃዎች ይጀምሩ፤ ዳይፐር፣ የልብስ ሳሙና፣ ፓስታና ዘይት ይመቻሉ። የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር ሱቅ ማሳያ ቪዲዮ አይቀበሉ፤ ሙከራው በእርስዎ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ለአንድ ወር ሠራተኛዎ በእጁ የመዘገባቸው ክፍተቶች ሥርዓቱ ካገኛቸው ጋር ይነጻጸሩ። ምን ያህሉን እንዳገኘና ምን ያህሉን በስህተት እንደጠራ ሁለቱም ተለይተው ይቀመጡ፤ አንዱ ብቻ ከተነገረዎ አይበቃም። የመጨረሻው ክፍያ በዚህ ውጤት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን በውሉ ያስጽፉ። የተነሡት ፎቶዎችና በነሱ የሠለጠነው ሶፍትዌር የማን እንደሆኑ፣ የመጠቅለያ ወይም የመደርደሪያ ለውጥ ሲኖር እንደገና ለማሠልጠን ምን እንደሚከፈል፣ አቅራቢው ሥራውን ቢተው ሥርዓቱ ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ መሥራቱን እንደሚቀጥል በዚያው ውል ይካተት። የካሜራዎቹንና የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃሎች ደግሞ በርክክቡ ዕለት ተረክበው በዚያው ቀን ራስዎ ይቀይሯቸው።